ሹፌሩን ሳይጨምር

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። የደም ግፊቴን ጠዋትና ማታ ለክቼ እንድጽፍበት፣ ከፍ ባለ ቀን ደግሞ ምን እንዳናደደኝ ከጎኑ እንዳሰፍር አዘዘችኝ። "የሚያናድደኝ ነገር የለም" ብላት "ግድ የለም ይያዙት፣ አይጠፋም" አለችኝ። ፊት ማንበብ የምትችል ልጅ ናት።

ዛሬ ግፊቴ ደህና ነው። የሚያናድድ ነገርም የለም።

ልጄ ከወጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ከእስር ቤት ማለቴ ነው። ደብተሩን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለምና ስሙን ልጥራው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። ያልተፈተነውን ሁሉ ተፈትኖ አልፏል እያለች ከአለቆቿ ጋር ፈረመች፤ አለቆቿ ሾልከው አመለጡ፣ እሷ ተያዘች። ዕድሜ ልኩን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ያለ አንድ ቅጣት የነዳ ሰው ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ሸጣ ታሰረች። ሌላ ጥፋት ጠፍቶ! አንዳንዴ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ከጉሮሮዬ ግን አያልፍም።

ለጎረቤትም ለድሮ ባልደረቦቼም ውጭ አገር ሥራ አግኝታ ሄዳለች ብያለሁ። መመለሷን ገና አልተናገርኩም። ምክንያት አለኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ለሚኖር ጡረተኛ የሚሰጠውን ድጎማ እቀበላለሁ፤ የቤት ኪራዩን የሚሸፍንልኝ እሱ ነው። በቤቴ ሌላ ሰው ከተመዘገበ ይቀራል ይባላል። ስለዚህ ልጅቷ እስክትረጋጋ ድረስ ዝም ማለት ይሻላል። ዝም አይነቅዝም።

እሷም አልተቃወመችም። ጫማዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በር ሲንኳኳ ወደ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች። እኔ አድርጊ ሳልላት ነው የለመደችው። ጎበዝ ልጅ ናት።


ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

ግፊት ደህና። ዝናብ።

ጠዋት "አባዬ፣ አድራሻዬን እዚህ መቼ ነው የምናስመዘግበው?" አለችኝ። ይደርሳል አልኳት። ዳቦ አልቆ ነበርና ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ዳቦ ሞልቶ ነበር ለካ።


ጥቅምት 13፣ እሁድ

ረዳቴ መጣ። ረዳቴ እላለሁ እንጂ አብረን መሥራት ከተውን ቆየን፤ እሱ አሁን በድርጅታችን ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ዝናቡ ደብድቦት ነው የገባው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ እጁን ታጥቦ፣ ፊቱን አብሶ ወጣና ሻይ ጠጣን። ልጄ ውስጥ ተኝታ ነበር።

እንደ ወጉ የድሮውን አነሳን። ምሳ በልተን ከየማረፊያው ስንነሳ እሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ጋሼ፣ ስንት ነን?" ይለኛል። እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ በመስታወቱ ቆጥሬ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ "ሹፌሩን ሳይጨምር!" ይልና ተሳፋሪውን ያስቀዋል። እውነቱን ነው፣ ራሴን ቆጥሬ አላውቅም። ሹፌር የሚቆጥረው ከኋላው ያለውን ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቆመን ተቆጣጣሪ ስንት ሰው ጭነሃል ብሎኝ ነገርኩት፤ ገብቶ ሲቆጥር አንድ ሰው ተረፈው። ትርፍ ጭነሃል ብሎ ሊከሰኝ ብዕሩን ሲያወጣ ረዳቴ "ጌታዬ፣ ትርፉ እኮ ሹፌሩ ራሱ ነው" አለው።

"ብቻ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም" አልኩት።

"አንድም!" አለ ረዳቴ። ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ "ልጅህስ? ትጽፍልሃለች ከውጭ?" አለኝ።

"ትጽፋለች። ደህና ናት።"

ሻዩን ትንሽ አየውና ወሬውን ወደ ጋራዡ አዞረው። ሲያወራ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ ይመስል ይጮሃል። "የወንበር ክፍሉ ሰው አጥቷል! የአውቶቡስ ወንበር ማልበስ የሚችል ሰው ቢገኝ በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሉት! ኃላፊዋን ማነጋገር ነው!" ምን አገባኝ አልኩት በሆዴ። ጆሮው ደክሞ መሰለኝ እንዲህ የሚጮኸው። እርጅና ክፉ ነው።

እሱ ከመሄዱ ልጄ ወጣች። "የወንበር ክፍሉ በየትኛው በር ነው የሚገባው?" አለችኝ። እስር ቤት በነበረችበት ጊዜ የቢሮ ወንበር ማልበስ ተምራለች። ተኝታ አልነበረችም ማለት ነው። ትጽፍልኛለች ያልኩትን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።


ጥቅምት 16፣ ረቡዕ

ጋራዥ ሄዳ ተመለሰች። ብቻዋን። ሳትነግረኝ ሄደች ማለት አልችልም፤ ነገ ትሄጃለሽ፣ ከነገ ወዲያ ትሄጃለሽ እያልኩ ያቆየኋት እኔ ነኝ።

ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገረቻት። ሁሉንም! የት እንደነበረች፣ ለምን እንደነበረች።

"ማን ጠየቀሽ?" አልኳት።

"እሷ ናታ። ያለፉትን ዓመታት የት ነበርሽ አለችኝ።"

"ውጭ አገር ነበርኩ አትያትም ታዲያ?"

"አባዬ፣ ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጠው ሴትዮ ቁጭ አድርጋ አስረድታኛለች። የወንጀል ሪከርዴ የሚያግደኝ እንደ ድሮው ፈቃድ ከመስጠትና የመንግሥት ገንዘብ ከመያዝ ነው። ወንበር ከማልበስ አያግደኝም። ዋሽቼ ከገባሁ ግን፣ ያወቁ ቀን የሚያባርሩኝ በሪከርዴ ሳይሆን በውሸቴ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ አልኩና ተውኩት። ተምራለች፣ መልስ አላት። እኔ ግን እነዚያ ሁሉ መካኒኮች፣ ሹፌሮች፣ ትኬት ቆራጮች በፊቴ ተደረደሩ። አንገቴን ቀና አድርጌ የወጣሁበት ግቢ ነው።

ኃላፊዋ አንድ ያለበስሽውን ወንበር አምጥተሽ አሳዪኝ ብላታለች። ይህን እየነገረችኝ ዓይኗ የእኔን ወንበር ያያል። ጡረታ ስወጣ ጋራዡ የመጨረሻውን አውቶቡሴን የሹፌር ወንበር ነቅሎ ሸልሞኛል። ሌላው ሰው ሰዓት ይሸለማል።

"በፍጹም" አልኳት።


ጥቅምት 20፣ እሁድ

ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ዜና ማየት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ዛሬ ወንበሬን አገኘሁት።

አሮጌውን ልባስ ስትገሸልጥ ሳያት ቆዳዬን የምትገሸልጥ ነበር የመሰለኝ። ስፖንጁን በእጇ ዳሰሰችና "በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያለቀው" አለች። በመስታወቱ ተሳፋሪውን ለማየት ወደ ቀኝ ደገፍ እል ነበር አልኳት። በዚያ በኩል ስፖንጅ ደረበችበት። ስፌቱ ጠርዙን ተከትሎ ሲዞር አንድ ቦታ እንኳ አልተጨማደደም። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ እናቷን መሰለችኝ።

"መጥፎ አይደለም" አልኳት። እኔ ከዚህ በላይ ማመስገን አልችልበትም፤ በቤታችን ምስጋና የእናቷ ሥራ ነበር። ግን ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ለደብተር መንገር ይቀላል።


ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ

ደረጃ ስወርድ የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ለሌላዋ ስታወራ ሰማሁ። "ምስኪን ሽማግሌ! ብቻውን ማውራት ጀምሯል። ማታ ማታ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይቆጣል።"

ቀስ ብዬ አለፍኳቸው። እብድ መባሉ ይሻላል።


ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

አለፈች! ወንበሩን ጋራዥ ወስዳ አሳየቻት፤ ኃላፊዋ ስፌቱን በጥፍሯ ብትፈትሽ ብትፈትሽ አልላቀቅ አላት። ደሞዝ፣ ፈረቃ፣ የሥራ ካፖርት፣ ሁሉም ተነግሯታል። ልጄ ስታወራ ትን አላት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ። ያለ እሱ የግብር ቁጥር መጠየቅ አይቻልም። ተጠይቆ እስኪመጣ ድረስ ከፍተኛውን ግብር እየቆረጡ ያሠሯታል፣ በኋላ ይመልሱላታል፤ አድራሻ የሌላትን ግን ጭራሽ መቅጠር አይችሉም። ኃላፊዋ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ቦታውን ትይዝላታለች።

"እስቲ ላስብበት" አልኳት። ምን የሚታሰብ አለው በሚል ዓይን አየችኝ።

አለው እንጂ። ድጎማው ከቀረ ኪራዩን ማን ይከፍላል? የእሷ ደሞዝ? እሱ ገና ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገብታ በወሯ ቢያሰናብቷትስ? የተቋረጠ ድጎማ እንደገና ይቀጠላል? ቢሮው ሄጄ እንዳልጠይቅ መጠየቁ ራሱ ነገር ይጭራል። አባት ነኝ፤ ለሁለታችንም የማስበው እኔ ነኝ።


ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ድጎማውን ከሚሰጠው ድጋፍ ቢሮ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ሄደች። ደህና ነው።

ግፊት ከፍ ብሏል። ደረጃ ስለወጣሁ ይሆናል።


ያው ዕለት፣ ማታ

ዛሬ ደረጃ አልወጣሁም።

በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ብቻዬን መኖሬን አይተው፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠይቀው ይሄዳሉ። ዛሬ መሆኑን አላወቅሁም። በሩ ሲንኳኳ ልጄ ቁርስ ጨርሳ ኩባያዋን አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፍታው ነበር። እሷ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ገና ማን ይሆን እያልኩ እጄ ኩባያዋን አንስቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቶታል። እጄን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ጫማዋ ውሃ አስገብቷል። ይቅርታ ጠይቃ ቁጭ አለች።

"ብቻዎትን ነው የሚኖሩት አባት?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"የሚጠይቅዎት ዘመድ፣ ልጅ የለም?"

"ልጅ ነበረችኝ" አልኩ።

አለችኝ ልል ነበር። አለችኝ ብል የት ናት ትለኛለች ብዬ ነው መሰለኝ ምላሴ ታጠፈ። ነበረችኝ ነው ያልኩት። ልጅቱ ብዕሯን አቆመችና "ነፍስ ይማር" አለችኝ።

ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ጻፈችው። በሩን ዘግቼ ስመለስ ልጄ ወጥታ ቁም ሣጥኑን ከፍታለች። ኩባያዋን አወጣች፣ ሻይ ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች። ረጋ ብላ ነው ሁሉንም የምታደርገው።

"እዚያ እንኳ በየጠዋቱ ይቆጥሩን ነበር" አለች።

"መቆጠር ደስ ይላል እንዴ ታዲያ?" አልኳት፤ ለማሳቅ ነው።

"አንዷ ከጎደለች ቁርስ የለም። እስክትገኝ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን።"

ይህን አሁን ለምን እንዳነሳችው አልገባኝም። ደክሟት ይሆናል። የተናገርኩት ለእሷም ብዬ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጅ ናት ግን ብልህ ናት። መብራት ላጥፋና ልተኛ።

አልተኛሁም። ግድግዳው ስስ ነው። እኛ ጎረቤት ሲያስል እንሰማለን፤ እሷ ያን ሁሉ ሳትሰማ አትቀርም።


ጥቅምት 28፣ ሰኞ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዛሬ የሥራ ጃኬቴን አስተኩሼ ለብሼ ጋራዥ ሄድኩ። ሐሳቤ ቀና ነበር። አድራሻው ትንሽ ቢዘገይም አባቷን ካዩ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ካወቁ ይታገሷታል ብዬ ነው። የወንበር ክፍሉ ኃላፊ አጭር፣ ጆሮዋ ላይ ጠመኔ የሰካች ሴት ናት። ስፖንጅ እየቆረጠች አነጋገረችኝ።

"ልጄ ጨዋ ናት" አልኳት። "እንዲያው ውጭ አገር ነበረች። ሰው የሚያወራውን አትስሚ።"

መቀሷን አስቀመጠች። "አባት፣ ሰው አላወራም። የት እንደነበረች የነገረችኝ ራሷ ናት።"

ይህንን አውቅ ነበር እኮ! ልጄ ነግራኛለች! ግን ያ ወሬ አፌ ላይ ከመክረሙ የተነሳ ሳላዘው ነው የወጣው።

"እኔ እኮ የወሰድኳት ስፌቷ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም" አለች ኃላፊዋ። "ስላልዋሸችኝ ነው። አሁን ግን ግራ ገባኝ። ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው ብላኛለች፤ ማረጋገጫው አልመጣም። አባቷ ደግሞ መጥተው ውጭ አገር ነበረች ይሉኛል። ከሁለታችሁ ማንን ልመን?"

"እሷን" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ጃኬቴን ቆልፌ ወጣሁ። ረዳቴ ከግምጃ ቤቱ መስኮት "ጋሼ!" ሲለኝ ያልሰማሁ መሰልኩ።


ጥቅምት 29፣ ማክሰኞ

ኃላፊዋ ነግራታለች። ልጄ አልተቆጣችም። ምነው በጮኸችብኝ።

ከእሷ ጋር የወጣች አንዲት ሴት ክፍል ተከራይታ አልጋ ታካፍላለች አለችኝ። "እዚያ ትመዘግበኛለች፣ ዓርብ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ማረጋገጫውን ለኃላፊዋ አደርሳለሁ፣ ካመነችኝ" አለች።

"ድጎማህም አይነካም አባዬ" አለች።




ኅዳር 1፣ ሐሙስ

ግፊት ከፍ ብሏል። ምክንያቱን ጻፍ ተብያለሁ። ዝናቡ ነው።

ዝናቡ አይደለም። ቦርሳዋ በሩ ጋ ተቀምጧል። ያው ይዛው የመጣችው ቦርሳ ነው፤ ከዚህ ቤት አንዲት ነገር አልጨመረችበትም።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ጥዬ


ኅዳር 2፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ቦርሳዋን ስታነሳ ጃኬቴን ለብሼ በሩ ላይ ጠበቅኋት። "አስቀምጪውና ተከተይኝ" አልኳት። የት ነው ብትለኝ ድጋፍ ቢሮ አልኳት። ቆመች። "ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው" አለች። "ለእኔ ብዬ ነው" አልኳት። ይህ ከአፌ የወጣ እውነት ነው፤ እኔንም አስደንቆኛል።

ደረጃውን አብረን ወረድን። አዋላጇ በሯን ገርበብ አድርጋ ነበር። ደህና አደርሽ አልኳት፤ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ቢሮው ሰው ሞልቶታል። ወረፋ ይዘን ተራችን ሲደርስ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሠራተኛ መታወቂያዬን ተቀብሎ ኮምፒውተሩን ነካካ።

"ምን ልርዳዎት አባት?"

"በቤቴ የሚኖር ሰው ላስመዘግብ ነው።"

"ምንዎት ነች?"

"ልጄ።"

መነጽሩን አወረደ። ኮምፒውተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ኮምፒውተሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጅዎ እኮ... እዚህ ላይ ሞታለች ይላል" አለኝ።

ልጄ ከጎኔ ቆማለች። አላየኋትም፤ ማየት አልቻልኩም።

"አልሞተችም" አልኩ። "ታስራ ነበር። ከወጣች ጀምሮ እኔ ጋ ናት። ዋሽቼ ነው።" ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ከኋላችን ያለው ወረፋ ጸጥ አለ። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ጸጥታ ይኸው ነበር። መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አንዱ አስነጠሰውና ሁሉም ወደየወሬው ተመለሰ።

ሠራተኛው አልተቆጣም። ይልቅ ያስረዳኝ ጀመር። አብራኝ የምትኖረው ሰው ሥራ ፈላጊ ከሆነች፣ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ድጎማው አይነካም። ሥራ ስትጀምርም ባንዴ አይቋረጥም፤ እያደር ነው የሚቀንሰው፣ ሥራው ቢቀርባት ደግሞ ይመለሳል። ያላሳወቅሁበትን ጊዜ ግን ደንብ ነውና ጥቂት ጥቂት ይቆርጡብኛል። "የመጣች ሰሞን ቢነግሩን ኖሮ ምንም አይነካብዎትም ነበር" አለኝ።

እጄን በአፌ ጫንኩ። ያን ሁሉ ቀን ኩባያ የደበቅሁት፣ ጫማ ያሸሸሁት፣ ልጄን በቁሟ የቀበርኳት በምን ምክንያት ኖሯል? ለድጎማው ነው እል ነበር። አሁን እሱን እንኳ ማለት አልችልም። የፈራሁት ድጎማው እንዳይቀር አልነበረም።

"እሺ" አለ ሠራተኛው፣ ጣቶቹን አዘጋጅቶ። "በአሁኑ ሰዓት በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

"አንድ።"

ቀና አለ። "አንድ?"

"አንድ። ይቺው።"

"እርስዎስ አባት? የት ነው የሚኖሩት?"

ልጄ ሳቀች። ከወጣች ጀምሮ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ጠረጴዛውን ይዛ እስክትጎብጥ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አባቴ ሹፌር ነበር" አለችው፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች፤ "ራሱን አይቆጥርም።" ሰውየው ምንም አልገባውም። ሁለት ብሎ ጻፈ።

ማረጋገጫውን እዚያው አትመው ሰጧት። ከዚያ በቀጥታ ጋራዥ ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ብቻዬን ልግባ አለችኝ፤ ለኃላፊዋ የምለው አለኝ ብዬ አብሬያት ገባሁ።

"ማንን ልመን ብለሽኝ ነበር" አልኳት። "እሷን እመኛት።"

ኃላፊዋ ማረጋገጫውን አየች። ጠመኔዋን ከጆሮዋ አውርዳ ሰሌዳው ላይ የልጄን ስም ጻፈች። "ሰኞ ጠዋት" አለች።


ኅዳር 5፣ ሰኞ

ሄደች። ከሥራ እስክትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ለነገሩ አሁን ነው በእውነት ብቻዬን የሆንኩት።

አዋላጇ ደረጃ ላይ ይዛኝ "ለካ ሰው ነበር የምታዋራው!" አለችኝ። ቅር ያላት መሰለኝ፤ እብደቴን ለሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር።


ኅዳር 30፣ ዓርብ

ግፊት ደህና። ነርሷ ደብተሩን አሳዩኝ ብትለኝ ጠፋ አልኳት። ይህቺ የመጨረሻ ውሸቴ ናት፤ ለጤና ናት።

ልጄ የመጀመሪያ ደሞዟን ተቀበለች። የግብር ቁጥሯ ዘግይቶ ኖሮ ከፍተኛውን ግብር ነው የቆረጡባት። እኔ ይህ ዝርፊያ ነው ብዬ ብድግ አልኩ። እሷ የደሞዙን ወረቀት እያገላበጠች "ይመለሳል አባዬ፣ ቁጥሩ ደርሷል። ይኸው፣ አየኸው? ስሜ፣ አድራሻዬ፣ የተቆረጠብኝ" ትለኛለች። ግብር ተቆርጦበት እንዲህ የሚደሰት ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የእኔም ድጎማ ትንሽ ቀንሷል። ቤቱ አልፈረሰም።

ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ኩባያዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ጫማዋ በር ላይ ነው። ተነስታ ራሷ ከፈተች። ረዳቴ ነበር፤ ዝናብ ያንጠባጥባል።

"እንዴ! ከውጭ መቼ ገባሽ?" አላት፣ ጋራዥ በየቀኑ እንደማያያት ሁሉ።

ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እሷ በእኔ ቦታ ብትመልስ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"ውጭ አልነበረችም" አልኩ። "እስር ቤት ነበረች። ከጥቅምት በፊት ነው የወጣችው። ያን ቀን አንተ ስትመጣ እዚያ ውስጥ ነበረች።"

ረዳቴ ካፖርቱን ረጋ ብሎ አወለቀ። "ጋሼ፣ የመንጃ ፈቃዱን ነገርማ ያኔውኑ ጋራዡ ሁሉ ሰምቶታል። አንተ ውጭ አገር ስትል እኛም ውጭ አገር አልን። እዚህ መሆኗን ደግሞ ያን ቀን እጄን ልታጠብ ስገባ ነው ያወቅሁት። ሁለት ጃንጥላ ተዘርግቶ ነበር፣ ሁለቱም እርጥብ። አንድ ሰው ሁለት ጃንጥላ ይዞ አይወጣም። እኔም እኮ ቆጣሪ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናገርኩ እንጂ! የወንበር ክፍሉ ሰው አጥቷል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ተናገርኩ። ለአንተ አልነበረም እንጂ።"

ልጄ ሻይ ለመቅዳት ቶሎ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ጆሮው ደክሟል ብዬ የጻፍኩትን አሁን መለስ ብዬ አነበብኩት፤ አልሰርዘውም፣ ይቅጣኝ።

ረዳቴ ኩባያውን ይዞ በሩን ተደገፈ፤ እንደ ድሮው።

"ጋሼ፣ ስንት ነን?"

ወንበሬ ላይ ወደ ቀኝ ደገፍ አልኩ። የደረበችልኝ ስፖንጅ ተቀበለኝ። እሱን አየሁት፣ እሷን አየኋት።

"ሦስት" አልኩት።

በጣቱ ቆጠረና አንገቱን ነቀነቀ። "ሹፌሩን ሳይጨምር?"

"ሹፌሩን ጨምሮ።"